ሁለት ውሻ፣ አንድ ዘዴ አልሆነልኝም፤ ሐዋሳ ያላችሁ ምከሩኝ

የአቶቴዋ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ውሾች አሉ። ትልቁ አንበሴ ይባላል። የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ ሦስት ዓመቱ። የመጣው ገና ቡችላ ሆኖ ነው። አንድ አሠልጣኝ ለሁለት ወር ቤት ድረስ እየመጣ አስተማረልን። በጠንካራ ድምፅ ያዘዋል፣ ካልሰማ ገመዱን ጎተት ያደርጋል፣ ሲሰማ ደረቱን መታ መታ። አንበሴ ተማረ። አሁን "ቁጭ" ሲባል ይቀመጣል። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ሳይፈቀድለት አይወጣም።

ትንሿ ቡኒ ናት፤ የሐበሻ ውሻ። አምና ክረምት ላይ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጥበት ጋ፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር የዓሣ ጭንቅላት ስትሻማ አግኝተን ነው ያመጣናት። ያኔ አምስት ወር ቢሆናት ነው። አሁን ዓመት ሊሞላት ነው።

ያንኑ አሠልጣኝ ጠራሁት። እንደ አንበሴ ጀመራት። የመጀመሪያው ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መሬት ላይ ተለጥፋ ሽንቷን ለቀቀች። በሁለተኛው ቀን ገመዱን ሲጎትት ወደ ኋላ አፈግፍጋ አንገቷን ከማሰሪያው አወጣችና ሮቶው ሥር ገባች። እስኪመሽ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን እጁን ሲዘረጋ ጥርሷን አሳየችው። "ይቺ ተበላሽታለች፤ ወይ ጠንከር ማለት ነው፣ ወይ መሸኘት" አለኝ።

እኔ አልዋጥልህ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ራሱ ትንቀጠቀጣለች። በአንበሴ የሠራው ለምን እሷን እንዲህ አደረጋት? ምን ልሞክር?

ባጃጅ 07 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ አትድከሚ። የሐበሻ ውሻ ጥበቃው በደሙ ነው፣ ትምህርት አይፈልግም። ቀን እሰሪያት፣ ማታ ልቀቂያት። አባቴ ግቢ አምስት ውሻ አድጓል፤ አንዱም አልሠለጠነም፣ ሌባም ገብቶብን አያውቅም። ጥርሷን ካሳየች ግን ዝም አትበያት። ጌታዋ ማን እንደሆነ አሳያት። ውሻ ከተኩላ የመጣ ነው፣ የበላይ ይፈልጋል።

ሐይቅ ዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወንድሜ ባጃጅ፣ ስለ ጥበቃው እውነትህን ነው። ስለ ተኩላው ግን አንድ ነገር ልበል። "የበላይ" የሚለው ሐሳብ የመጣው በግቢ ታጉረው የነበሩ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ተኩላዎችን በማየት ነው። ሐሳቡን በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ ዴቪድ ሚች የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። እሱ ራሱ የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ሐሳቡን አረመ። የዱር መንጋ ባብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው። ወላጆቹ የሚመሩት ወላጅ ስለሆኑ ነው፣ በድብድብ ስላሸነፉ አይደለም።

እህቴ የአቶቴዋ፣ ቡኒ አልተበላሸችም። ፈርታለች። ሽንት የለቀቀች ውሻ "አትምታኝ" እያለች ነው። ያ ሳይሰማላት ሲቀር ሸሸች። መሸሻ ስታጣ ጥርስ አሳየች። ሦስት ጊዜ ነግራችኋለች።

እስቲ እነዚህን መልሽልኝ። ምግብ በጣም የምትወደው ምንድነው? ስትፈራ ምግብ ትበላለች ወይስ አፏን ትዘጋለች? ባጃጁ ስንት እርምጃ ሲርቅ ነው የምትደነግጠው? ከቤተሰቡ ማን ጋ ነው በራሷ ፈቃድ የምትሄደው?

የእንስሳት ጤና ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከሥልጠናው በፊት ሐኪም ትያት። ጆሮዋ የታመመ ወይም አንገቷ ላይ መዥገር ያቆሰላት ውሻ ማሰሪያ ሲነካት ብትቆጣ አይፈረድባትም። ሕመም ያለበትን እንስሳ በምንም ዘዴ ማስተማር አይቻልም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች? ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ ከዚያ በየጊዜው ይደገማል። የመንገድ ውሻ ለምታነሱ ሁሉ ይሄ መቅደም አለበት። ከነከሰች ደግሞ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይመለስም። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች እንኳ ከቤት ውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል።

ሌላው ዕድሜዋ ነው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያየውን ሁሉ "ይሄ የዓለም ነገር ነው" ብሎ ይቀበላል። አንበሴ ያንን ጊዜ ያሳለፈው በሰው እቅፍ ነው። ቡኒ ያሳለፈችው ዓሣ ገበያ ነው፣ ድንጋይ የሚወረውር እጅ እያየች። የተዘረጋ እጅ ለሁለቱ አንድ ነገር አይደለም። አትማርም ማለት አይደለም፤ ጊዜ ትፈልጋለች።

የአቶቴዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ክትባቱን ባመጣናት በሳምንቱ አስከትበናታል። ዛሬ ደግሞ ሐኪም አየልኝ፤ ግራ ጆሮዋ ውስጥ ቁስል ተገኝቶ ጠብታ ታዘዘላት። ማሰሪያው በዚያ በኩል ነበር የሚጎተተው። ሳስበው አለቀስኩ።

ሐይቅ ዳር፣ የጠየቅኸኝን ቀኑን ሙሉ ስከታተል ዋልኩ። የምትወደው ጉበት ነው። ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጉበት ብሰጣት ግን ዞር ብላም አታየውም። መንገዱ ማዶ ሲያልፍ፣ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ምላሷን ትልሳለች፣ ግን ትበላለች።

ማን ጋ ትሄዳለች ላልከኝ፣ መልሱ አስገረመኝ። እናቴ ጋ። እናቴ ውሻ አትነካም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት። ጠዋት ቡና ስታፈላ ግን በረንዳው ላይ ጎኗን ሰጥታ ትቀመጥና የእንጀራ ቁራሽ ሳታያት ወርወር ታደርግላታለች። አትጠራትም፣ አታናግራትም። ቡኒ ሦስተኛው ስኒ ሲደርስ ከእናቴ ነጠላ ጫፍ አጠገብ ተኝታ ነው የማገኛት።

ጡረተኛው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ልጄ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የጥበቃ ውሾች ይዣለሁ። ከዚህ በፊት የተባለውን ሁሉ አነበብኩ። እናትሽ የሚያደርጉትን እኔ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ልብ ብለሽ እዪአቸው። ፊት ለፊት አይመለከቷትም። አይጎነበሱባትም። እጃቸውን አይዘረጉም፣ ይወረውራሉ። መቅረብም መራቅም የእሷ ፈንታ ነው። የፈራ ውሻ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። ዘዴው ቤትሽ ውስጥ ነበር፣ ማንም ሥልጠና ብሎ አልጠራውም እንጂ።

አዲስ ውሻ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ሦስት ቀን ምንም አላዘውም ነበር። አጠገቡ ወንበር አድርጌ እቀመጣለሁ። በር ሲንኳኳ ወደ በሩ ይሮጣል ወይስ ከኋላዬ ይሸሸጋል? ቁልፍ ሲወድቅ ደንግጦ ቶሎ ይረጋጋል ወይስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል? ጨርቅ ብወረውርለት ያመጣዋል፣ ይዞት ይጠፋል ወይስ ዞር ብሎም አያየው? የሚያስተምረኝ ይኼ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ደረሱኝ። አንዱ ለጨርቅ ጉተታ ነፍሱን ይሰጣል፣ ሥጋ ብታሳዪው ግድም የለው። ሌላው ጨርቁን ይፈራል፤ "ጎበዝ" ተብሎ ጉሮሮው ሥር መታከክ ነው የሚፈልገው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ አስተማርኳቸው፤ መንገዱ ግን ለየቅል ነበር።

ጠንካራ ድምፅ ሁሌ ክፉ ነው አልልም። ደፋር ውሻ አለ፣ ሞቅ ሲለው ቆፍጠን ያለ ቃል የሚመልሰው። አንበሴ እንዲያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ድምፅን ከማንሳትሽ በፊት የምትፈልጊውን አሳይተሽዋል ወይ? ያላሳየሽውን ነገር አልሠራህም ብለሽ ብትቆጪ ያው ግፍ ነው።

ለቡኒ ገመዱን ለጊዜው ተዪው። አንገቷን የሚነካ ነገር ይቅር። ወደፊት መውጣት ስትጀምር ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላታል።

የአዳማ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ የጻፉትን ሳነብ የእኔው ውሻ ማክ ትዝ አለኝ። አዳማ ነኝ። እኔም ሁሉም ሰው "በምግብ አስተምረው" ስላለኝ ስድስት ወር በሥጋ ደከምኩ። በቀን ሙቀት ጭራሽ አይበላም። ፍየል ካየ ደግሞ እኔም ሥጋውም የለንም፣ ነጎደ።

አንድ ቀን የልጄ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንከባሎ ከእግሩ ሥር ደረሰ። ፍየሉን ትቶ ጠርሙሱን አሳደደ። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ሥጋ የለም፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። "ና" ብዬ ሲመጣ ይወረወርለታል። ሥራችን ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ነው። አዳማ ቀትር ላይ አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥላል። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አስቀምጪ፤ ሰባት ሰከንድ ካላስቻለሽ እሱንም አያስችለውም።

እኔ የሚያሳዝነኝ ስድስቱ ወር ነው። ውሻው ደንቆሮ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ነጋዴው · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ኮረንቲ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ አምጥቶልኛል። ሪሞት አለው። በትንሹ ነው የሚነዝረው። ውሻዬ በር ላይ መጮኹን በሳምንት አቆመ። ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። ለቡኒም ቢሞከርስ?

የእንስሳት ጤና ተማሪ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡10

በፍጹም አይሞከር። የምለውም በቁም ነገር ነው። ውሻ ሲነዝረው "ስለጮኽኩ ነው" ብሎ ላያስብ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ያረፈበት ነገር ላይ ነው የሚለጥፈው። የጎረቤት ልጅ እያየ ከነዘረው ልጅ ማለት ሕመም ይሆናል። ቡኒ ባጃጅ እያየች ብትነዘር ፍርሃቷ እጥፍ ነው። ዌልስ ይህን ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከልክላዋለች።

ያንተም ውሻ ጩኸቱን ተወ እንጂ በር ላይ ለሚመጣው ሰው ያለው ስሜት አልተለወጠም። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። እባክህ ከአንገቱ አውርድለት። በምትኩ ማን በር ሲያንኳኳ እንደሚጮህ ለሦስት ቀን ተከታተልና እዚህ ጻፍልን፣ አብረን እናያለን።

ለቡኒ ግን ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ የባጃጁ ድምፅ፣ ከዚያ ጉበቱ። ፓቭሎቭ የሚባለው የሩሲያ ተመራማሪ ውሾቹ ላይ ያየው ይሄንኑ ነው፤ ምልክቱ ቀድሞ ምግቡ ሲከተል ነው አካል የሚማረው። ጉበቱን አስቀድመሽ ካሳየሻት፣ ጉበት ማለት ባጃጅ ሊመጣ ነው ማለት ይሆንባትና ጉበቱን ራሱ ትፈራዋለች። ደግሞ በአርባ እርምጃ ጀምሪ፣ መብላት በምትችልበት ርቀት። ካልበላች ቀርበሻል ማለት ነው፣ ራቅ በይ።

የአቶቴዋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ጆሮዋ ድኗል።

የጀመርኩት እንደ እናቴ ነው። ጠዋት በረንዳው ላይ ጎኔን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። የተቀቀለ ጉበት እወረውራለሁ። በአራተኛው ቀን ከእጄ ወሰደች። ከንፈሯ መዳፌን ሲነካኝ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ከዚያ የጓሮው ጥግ ሄድን፣ ከበሩ በጣም ርቀን። ባጃጅ ሲሰማ አንድ ቁራሽ ጉበት። ድምፁ ሲያልፍ ጉበቱም ያልቃል። በቀን ሁለቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።

አንድ ስህተት አገኘሁ፣ ለሁላችሁም ይጠቅማል። እኔ "ነይ" እላታለሁ። ትልቁ ልጄ ከአንበሴ ስለለመደ "ና" ይላታል። ባለቤቴ ያፏጫል። ትንሿ ልጄ "ነይልኝ እሺ ቡንዬ" ነው የምትለው። ለመቀመጥም እንደዚያው፤ አንዱ "ቁጭ በይ"፣ አንዱ "ቁጭ በል"፣ አንዱ "ተቀመጪ"። እኛ ለጾታዋ ስንጠነቀቅ እሷ ሰባት ቋንቋ ተደረደረባት። አሁን ፍሪጅ ላይ ለጥፈናል፤ ለሁለቱም ውሾች "ቁጭ" እና "ወዲህ" ብቻ። ወንድ ሴት የለውም።

ጥያቄ አለኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። ጉበት እንደ ልብ አይገኝም፣ ቤት ውስጥም ማብሰሉ ይከብደኛል። ምን ልተካ?

ሐይቅ ዳር · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሐዋሳ ተቀምጠሽ! ዓሣ አለልሽ። ቆሮሶ ቀቅለሽ አጥንቱን አንድ በአንድ ልቀሚ፤ የዓሣም የበሰለ የዶሮም አጥንት ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዓሣውም ከከበደሽ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ዱባ ቁረጪላት። ብቻ ከወጥ ውስጥ አውጥተሽ አትስጫት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻ ደም ይጎዳል።

ባጃጅ 07 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። እህቴ፣ አንድ ነገር ልርዳሽ። አቶቴ መስመር ነው የምሠራው። ማታ ሥራ ስጨርስ ባጃጄን የምትዪኝ ርቀት ላይ ሞተር ሳላጠፋ ላቁምልሽ። ጥሩምባ አልነፋም። መቼ መቅረብ እንዳለብኝ አንቺ ንገሪኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጡረተኛው · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ተባረክ ልጄ። የሌላ ሰው ባጃጅ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ በአንተ ግን ርቀቱን እሷ ትወስናለች። ቡኒ ስትቆም እንዴት እንደምትቆም ተመልከት። ክብደቷ ኋላ እግሯ ላይ ከሆነ ለመሸሽ ተዘጋጅታለች፣ ወደፊት አትጠጋ። አራቱም እግሯ እኩል ሲረግጥና አፏ ላላ ሲል ሁለት እርምጃ ብቻ።

የአቶቴዋ · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡40 (ሰባተኛው ሳምንት)

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በደረት ማሰሪያዋ ይዣት ወጣሁ። ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ጭር ብሎ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የማላውቀው ባጃጅ ከኋላ መጣና ጥሩምባውን ነፋ። አሥር እርምጃ አይሞላም። ልቤ ቀጥ አለ። ገመዱን እንዳላጠብቅ እጄን በግድ አላላሁት።

ቡኒ ቆመች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ። ባጃጁን አየችው፣ በአጠገባችን አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ዞር ብላ ኪሴን አየች። ያቺን ጉበት የምትወጣበትን ኪስ። ዛሬ ዓሣ ነበር፣ ሦስት ቁራሽ በተከታታይ ሰጠኋት። ጅራቷ ከሆዷ ሥር ወጥቶ ነበር።

ሐይቁ ዳር ደርሰን ተመለስን። ጉሬዛዎቹን ስታይ ግን ጉድ ነው የሆነችው፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ስለ አንበሴም የታዘብኩት አለ። እሱን በጉበት ልሞክር ብዬ ዘሎ ጣቴን ሊበላኝ ነበር። ጉበት ሲያይ አእምሮው ይሄዳል። እሱ የሚወደው በር ነው። ቁጭ ሲል በሩ ይከፈታል፣ ሲነሳ ይዘጋል። ያለ አንድ ቁጣ ሦስት ቀን በዚህ ብቻ ሠራሁ፤ ከበፊቱ ይልቅ ረግቶ ይቀመጣል። ድሮም ያስተማረው ጩኸቱ ይሁን በሩ፣ አሁን እጠራጠራለሁ። ጋሼ ምን ይላሉ?

ጡረተኛው · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡15

ልጄ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በሩን እመርጣለሁ። በሩን ልጆችሽም መክፈት ይችላሉ፤ ያንን ድምፅ ግን ልጆችሽ አያወጡትም።

እናትሽን ሰላም በዪልኝ።

ነጋዴው · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

ማሰሪያውን አወረድኩት። ሦስት ቀን ተከታተልኩ እንደተባልኩት። የሚጮኸው ዱላ ለያዘ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራ አላቸው። ከየት ልጀምር?

የእንስሳት ጤና ተማሪ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡55

ጎበዝ። ከከዘራው ጀምር። ሽማግሌው ሳይኖሩ አንድ ከዘራ ግቢ ውስጥ ከሩቅ ዛፍ ላይ አስደግፈው። በሱ አጠገብ ምግቡን ይብላ። ምን ይወዳል?

ነጋዴው · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

ገና አላወቅኩም። ነገ አየዋለሁ። የአቶቴዋ፣ ጉበቱን ምን ያህል ነው የምትቆርጪው?

የአቶቴዋ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡12

ያለ ጨው ቀቅልና አቀዝቅዘው። ከዚያ ሽምብራ እያሳከልክ ቁረጠው። ከዚያ ከተለቀ ሲያኝክ ባጃጁ ያልፈዋል።